«ምንም አልሆኑም»? ስለ ፓራኪት አያያዝ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ፓራኪት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው እየዞረ ነው። ወፍ እንዳለኝ የሚያውቅ ሁሉ «አየሽው?» እያለ ልኮልኛል፣ አንዷ ጓደኛዬ እንደውም «በቃ ልገዛ ነው፣ ይሄን ያህል ቀላል መሆኑን ማን ነገረኝ!» ብላ ነው የላከችልኝ። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፣ የሷ ነገር ግን አላስችል አለኝ። ጽሑፉ እኮ ደህና ተደርጎ ነው የተጻፈው፣ ቋንቋው ይጥማል፣ ጸሐፊውም ወፎቹን እንደሚወዳቸው ያስታውቃል፣ ችግሩ ከሚመክረው ግማሹ ወፏን ቀስ አድርጎ የሚጨርሳት መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ፣ ያላነበበም እንዲከታተለኝ። (የምናወራው ስለ ባጂ ነው፣ ብዙ ሰው ፓራኪት ሲባል የምትታየው ያቺ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትሆነው የአውስትራሊያ ትንሽ በቀቀን።) ጸሐፊው እንደሚለው ባጂ ከቤት እንስሳ ሁሉ ቀላሏ ናት። ምግቧ የወፍ እህልና ውሃ ብቻ ነው፣ በተፈጥሮዋም የምትበላው እሱኑ ነው፣ ሳህኑ ባዶ ሲሆን መሙላት ነው። እህሉን የምትፈጭበት ጠጠርም አይጉደልባት። ትንሽ ስለሆነች ትንሽ ኬጅ ይበቃታል፣ መጫወቻ ምናምን የልጅ ነገር ነው። ብቻዋን ትሁን፣ ሁለት ከሆኑ ሰው አይለምዱም፣ አይናገሩም፣ እንዳይደብራት መስታወት ስቀሉላት። ክንፏ ይከርከም፣ ያኔ ትገራለች። ኬጁን ኩሽና አስቀምጡት፣ ሙቀቱም ሰውም እዛ ነው። ላባዋን ነፍታ ከተቀመጠች በርዷት ነው፣ ጥቂት ቀን ብትተዋት ራሷ ትነሳለች፣ ለማንኛውም እድሜዋ ሁለት ሦስት ዓመት ስለሆነ ሐኪም ጋ መመላለስ ትርፉ ድካም ነው። የሁሉም ማስረጃ አንድ ነው፦ አስር ዓመት ሙሉ እንደዚህ ነው ያሳደግኩት፣ አሁን አራተኛዋ ላይ ነኝ፣ ምንም አልሆኑም። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እውነት ያለበትን እውነት ልበል። ከትላልቆቹ በቀቀኖች ጋር ሲተያይ ባጂ በእርግጥም ቀላል ናት፣ ጎረቤት የሚያስነሳ ጩኸት የላትም፣ የቤት ዕቃ ቆርጥማ አትጨርስም። ነፋስ ከሚያፏጭበት መስኮት አርቋት ያለው ትክክል ነው። ማታ ኬጁን በጨርቅ ሸፍኑ ያለውም ለብዙዎቹ ይሰራል፣ ለ10 ወይም ለ12 ሰዓት ያህል ጸጥ ያለ እንቅልፍ ትፈልጋለችና። (አንዳንዷ ግን ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ደንግጣ እየተጋጨች ታድራለች፣ ለዛች አነስተኛ መብራት መተው ነው።) እዚህ ድረስ አብረን ነን።

ወደ ምግቡ ልምጣ። «በተፈጥሮዋም የምትበላው እህል ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ስላለው ነው ሰው ሁሉ የሚቀበለው። የዱር ባጂ በአውስትራሊያ ደረቅ መሀል አገር በመንጋ ሆና ዝናብና ውሃ እየተከተለች ትዞራለች፣ የምትለቅመው አይነቱ ብዙ የሆነ የሳር ፍሬ ነው፣ ገና ያልደረቀውን እሸቱንም ጭምር፣ ያንን ለማግኘት ደሞ ስንትና ስንት ኪሎ ሜትር ትበራለች። የኛዋ ፊቷ የሚቀርብላት ሁለት ሦስት አይነት ደረቅ እህል ነው፣ የምትሄደውም ከእንጨቷ እስከ ሳህኗ ነው። የማራቶን ሯጭ የሚበላውን ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ለሚውል ሰው እያቀረቡ «ያው አንድ ምግብ አይደል እንዴ» እንደማለት ነው።

ደረቁ እህል፣ በተለይ እንደ ሱፍ ያለው፣ ስቡ ብዙ ነው፣ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል፣ ካልሲየምና አዮዲንም ያንሰዋል። ስቡ ጉበቷ ላይ ይከማቻል። ቫይታሚን ኤ ሲያንሳት የአፍንጫዋና የመተንፈሻዋ ውስጠኛ ሽፋን ይበላሽና ኢንፌክሽን በቀላሉ ይገባባታል። አዮዲን ሲያንሳት ደሞ ልክ እንደ ሰው እንቅርት ይይዛታል፣ ግን ከውጭ የሚታይ ነገር የለውም፣ ወደ ውስጥ አብጦ የአየር ቧንቧዋን ይጫናል፣ ስትተነፍስ ሲጥ ሲጥ ትላለች ወይ የበላችውን ታስመልሳለች፣ ባለቤቷ «አዲስ ድምፅ ለመደች» ብሎ ይደሰታል። ሴቷ አጠገቧ ወንድ ባይኖርም እንቁላል ልትጥል ትችላለች፣ ያኔ ካልሲየም ካነሳት እንቁላሉ ውስጧ ተይዞ ይቀራል፣ ይሄ እስከ ነገ የሚቆይ ነገር አይደለም፣ በዛው ቀን ሐኪም ጋ የሚኬድበት ነው።

እህል መርዝ ነው እያልኩ አይደለም፣ እኔም እሰጣለሁ። ግን መሠረቱ ፔሌት ቢሆን (ለወፍ ተመጣጥኖ የተዘጋጀው ማለቴ ነው)፣ በየቀኑ አትክልት ቢጨመርበት፣ ካሮት የተፈቀፈቀ፣ ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ ቃሪያ፣ እህሉ ደሞ በልክ ቢሆን ሌላ ወፍ ነው የምታዩት። አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ ይሄን አንብባችሁ ዛሬውኑ እህሉን አንስታችሁ ፔሌት ብቻ እንዳታስቀምጡ! እህል ብቻ ያደገች ወፍ ፔሌቱን ምግብ መሆኑን ላታውቀው ትችላለች፣ ፊቷ ምግብ ተቀምጦ ትራባለች። በሳምንታት ቀስ እያደረጉ ነው የሚቀየረው፣ እየመዘኑ። አቮካዶ በፍጹም አይሰጥም፣ ለኛ ምንም የማይለን ፐርሲን የሚባል ነገር አለው ወፍ ይገድላል። ቸኮሌት፣ ቡና፣ አልኮል፣ ሽንኩርት፣ ጨው የበዛበት ነገርም እንደዛው፣ ፖም ብትሰጧት ውስጡ ያሉትን ፍሬዎች አውጡ።

«ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሙሉ» የምትለዋ ደሞ ቀላል ትመስላለች አይደል? አንዴ ለአራት ቀን ወጣ ብዬ ነበር፣ ኩኩ የሚባል ሰማያዊ ባጂ ነበረኝ ያኔ፣ ለእህቴ አደራ ሰጥቼ ሄድኩ። በየቀኑ እደውላለሁ፣ «ሙሉ ነው እኮ፣ አይበላም እንዴ ይሄ ወፍ?» ትለኛለች። ስመለስ ሳህኑ እውነትም እስከ አፉ ሙሉ ነው። ጎንበስ ብዬ እፍ ስለው ግን ከላይ ያለው በሙሉ እንደ ብናኝ ተነስቶ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ከስር የቀረው አስር ፍሬ አይሞላም። ባጂ እህሉን አንድ በአንድ በመንቁሯ ፈልፍላ ውስጡን ብቻ ነው የምትበላው፣ ገለባውን እዛው ሳህኑ ላይ ትተዋለች። ስለዚ ሳህኑ መቼም ባዶ አይሆንም። በየቀኑ እፍ ማለት ነው፣ ወይ ደፍቶ አዲስ ማድረግ። እህቴ እስከዛሬ ይጸጽታታል፣ ጥፋቱ ግን የኔ ነበር ያልነገርኳት።

ከዚህችው ገለባ ተነሱና የጠጠሩን ነገር በሁለት መስመር እንጨርሰው። ጠጠር የሚያስፈልጋቸው እህሉን ከነቅርፊቱ የሚውጡት ናቸው፣ እንደ እርግብና ዶሮ ያሉት፣ ሆዳቸው ውስጥ ነው የሚፈጩት። ባጂ ቅርፊቱን ጥላ ስለምትውጥ የማይሟሟ ጠጠር አያስፈልጋትም፣ የታመመች ወፍ ካገኘችው አብዝታ ትውጥና ይዘጋታል። ጸሐፊው የዶሮ እውቀቱን ነው ለባጂ ያመጣው። ለካልሲየም ኬጁ ላይ የሚታሰረው ነጩ የኩትልፊሽ (የባሕር እንስሳ ነው) አጥንት ሌላ ነው፣ እሱ ይኑር። እንጨቷ ላይ የሚጠቀለለው የብርጭቆ ወረቀት ደሞ ይውጣ፣ ጥፍር ያሳጥራል ይባላል እንጂ የሚያደርገው የእግሯን ስር ማቁሰል ነው።

«ትንሽ ስለሆነች ትንሽ ኬጅ ይበቃታል»። ልጅ ከአዋቂ ያንሳል፣ ግን ቤት ውስጥ ሲሮጥ የሚውለው ማነው? የምትንቀሳቀሰው በአካሏ ልክ አይደለም። ባጂ የምትበረው ደሞ ወደ ጎን ነው፣ እንደ ሄሊኮፕተር ወደ ላይ አይደለም፣ ስለዚ ኬጅ ሲታይ ከቁመቱ ይልቅ የጎን ርዝመቱ ነው ወሳኙ። ቀጭንና ረጅም እንደ ግንብ የቆመ ኬጅ ለሳሎን ያምር ይሆናል፣ ለወፏ ግን አብዛኛው ቦታ ባዶ አየር ነው። እኔ ለአንዷ እንኳ ከ60 ሳንቲ ሜትር ጎን በታች አልመክርም፣ የሽቦው ክፍተት ከ1.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ አይብለጥ፣ ጭንቅላቷ ይሰካል። እንጨቶቹም አንድ አይነት ውፍረት ያላቸው ልሙጥ አይሁኑ፣ ሁልጊዜ በአንድ ነጥብ ላይ ስለምትቆም እግሯ ይቆስላል፣ መድኃኒት ያልተረጨ የዛፍ ቅርንጫፍ ወፈር ቀጠን ያለ ከሁሉም ይሻላል። በየቀኑ ለሰዓታት ወጥታ የምትበር ከሆነ ግን የኬጁ ስፋት ያን ያህል አያጨቃጭቀንም፣ እሱን ለጸሐፊው እለቅለታለሁ፣ ያው እሱ ግን ክንፏን ቆርጦታል።

መጫወቻ የልጅ ነገር ነው ስላለው አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2019 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሳይንስ የሚባለው መጽሔት ላይ የወጣ ሙከራ ነበር፣ በባጂዎች ላይ የተሰራ። ሴቷን ሁለት ወንዶች ያሳዩዋትና የምትመርጠውን ያያሉ። ከዛ ያልተመረጠውን ምስኪን ወስደው ምግብ ያለበትን የተዘጋ ሳጥን መክፈት ያስተምሩታል። ሴቷ ፊት ሳጥኑን ሲከፍት፣ የመጀመሪያው ምርጫዋ ደሞ ሲያቅተው እንድታይ ያደርጋሉ። ልቧ ተቀየረ! ወደ ተማረው ሄደች። እንግዲህ ባል የምትመርጠው ችግር መፍታት በመቻሉ ከሆነ፣ ይቺን ወፍ ከአንድ እንጨትና ከአንድ ሳህን ጋር ዘግቶ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የሚገዛ ነገር ብዙም አያስፈልግም፣ እህሏን ንጹህ ወረቀት ውስጥ ጠቅልሎ መስጠት ራሱ ግማሽ ሰዓት ያሰራታል።

አሁን መስታወቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔም ሰቅዬ ስለነበር ነው። ኩኩ መስታወቱን አፈቀረው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ጠዋት ሲነሳ እዛ ነው፣ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ወደ ታች እየነቀነቀ ያንሾካሹካል፣ ከዛ የበላውን ያስመልስና መስታወቱ ላይ በመንቁሩ ይለጥፋል። እኔ ስስቅ፣ ቪዲዮ ስቀርጽ፣ ለሰው እየላክኩ ከረምኩ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ወንድ ባጂ ሚስቱን የሚመግበው እንደዛ ነው። ከጉሮሮው አውጥቶ እየመገባት ነበር፣ እሷ ግን አትበላም፣ አትመልስም፣ እሱም ደግሞ ያወጣል። መስታወቱ ላይ የደረቀውን እህል በጥፍሬ እፍቅ ነበር በየቀኑ። ጸሐፊው «መስታወት ብቸኝነቷን ያስረሳታል» ይላል፣ እኔ ደሞ ብቸኝነቱን ያየሁት እዛው መስታወት ላይ ተለጥፎ ነው። አንዳንዷ ወፍ አየት አድርጋ ታልፈዋለች፣ ለሷ ጉዳት የለውም፣ ሙጭጭ ካለችበት ግን መነሳት አለበት። ለሁለት ሦስት ቀን ታኮርፋለች፣ ያልፍላታል።

«ሁለት ከሆኑ ሰው አይለምዱም፣ አይናገሩም» የሚለው ከፊሉ ልክ ነው፣ መካድ አልፈልግም። ጓደኛ ያላት ወፍ እኛን ያን ያህል አትፈልገንም። ብቻውን ከሰው ጋር ያደገ ወንድ ባጂ ደሞ ጉድ ያሰኛል፣ አሜሪካ ውስጥ ፓክ የሚባል በ1994 የሞተ ባጂ 1,728 ቃላት ያውቅ እንደነበር በጊነስ ተመዝግቧል። ግን ለምን እንደሚናገሩ ብታውቁ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ2000 የታተመ ጥናት ላይ እንደታየው ወንድ ባጂ ከአንዲት ሴት ጋር ሲጣመር የሷን የጥሪ ድምፅ ይማራል፣ ድምፃቸው አንድ እስኪሆን ድረስ ያስመስላታል። ማስመሰል ለነሱ የመቀራረቢያ መንገድ ነው። የኛን ቃል የሚለው እኛ መንጋው ስለሆንን ነው፣ ሌላ የሚያስመስለው ስለሌለው። ስለዚ ብቻውን አስቀምጣችሁ ቃል እንዲማርላችሁ ከፈለጋችሁ፣ መንጋ የመሆን ሥራውን ደሞ ሥሩ፣ ቤት ውሉ፣ አብራችሁት ሁኑ። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው ሁለት ማድረግ ነው የሚሻለው። አዲሷን ግን ወዲያው አትቀላቅሏት፣ አንድ ወር ያህል ሌላ ክፍል ትቆይ፣ በሽታ ይዛ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሴቶች አንዳንዴ ክፉኛ ይጣላሉ፣ ወንድና ሴት ከሆኑ ደሞ መፈልፈል ካልፈለጋችሁ እንቁላል የሚጥሉበት ሳጥን አታስገቡላቸው። ሴቷ ደሞ ብዙ ጊዜ አትናገርም፣ ስድስት ወር ጠብቃችሁ «ደደብ ናት» እንዳትሉብኝ። (አዋቂ ወፍ ላይ ከመንቁሩ በላይ የአፍንጫው ቀዳዳ ያለበት ሥጋ ሰማያዊ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ፣ ቡናማ ከሆነ ሴት።)

ክንፍ መከርከም። «ያኔ ትገራለች» ይላል። የማትሸሽ ወፍ ሁሉ የለመደች አይደለችም፣ መሸሻ ያጣችም አትሸሽም! በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ የፈለገ መብረር የምትችል ወፍ እጁ ላይ ስትመጣ ይይ። መብረር ለባጂ ዋናው ስፖርቷ ነው፣ በእህል ብቻ ለወፈረችው ደሞ ያለቻት እሷው ነበረች። የተከረከመች ወፍ ስትደነግጥ እንደ ድንጋይ ነው የምትወድቀው፣ ደረቷን ትመታለች። ለመግራት የሚያስፈልገው ትንሽ ሚሌት (ደቃቅ የወፍ እህል) እና ብዙ ትዕግስት ነው፣ መጀመሪያ ኬጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማውራት፣ ከዛ በሽቦው መሀል መስጠት፣ ከዛ እጅን አስገብቶ ዝም ማለት። የኔዋ ቢጫዋ ጣቴ ላይ ለመቆም ሰባት ሳምንት ፈጀባት። እርግጥ በሩ በየደቂቃው የሚከፈትበት ቤት ካለ አምልጣ ከምትጠፋ ቢከረከም ይሻላል የሚሉ አሉ፣ ይገባኛል፣ ላባው ተመልሶ ስለሚያድግ የዘላለም ነገርም አይደለም። ግን የሚያውቅ ሰው ያድርገው፣ በማደግ ላይ ያለ ላባ ውስጡ ደም አለው፣ እሱ ከተቆረጠ ይፈስሳል። አለበለዚያ መስኮት መዝጋት፣ መጋረጃ መጋረድ፣ ፋን ማጥፋት፣ የሽንት ቤቱን ክዳን መክደን በቂ ነው።

ኩሽናውን ግን ለክርክር አላቀርበውም፣ እዚህ ጋ ጸሐፊው ቢያርመው ውለታ ነው። የወፍ ሳንባ እንደኛ አየር ገብቶ በመጣበት የሚመለስበት አይደለም፣ ሰውነቷ ውስጥ ያሉ የአየር ከረጢቶች እየገፉት በሳንባዋ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚያልፈው፣ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ከኛ የበለጠ ኦክስጅን ታወጣለች፣ መርዝ ካለበትም እንደዛው አብዝታ ትወስዳለች። እንግሊዝ አገር የከሰል ማዕድን ሠራተኞች እስከ 1986 ድረስ ካናሪ ይዘው ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው፣ ወፏ ከሰው ቀድማ ስለምትወድቅ። የማይዝ መጥበሻ፣ ቴፍሎን የምንለው፣ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከ260 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲግል የሚለቀው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል፣ እኛ ሽታውን እንኳን ላናስተውለው እንችላለን። አንዳንድ ካውያና የክፍል ማሞቂያም እንደዚህ አይነት ሽፋን አላቸው። ስፕሬይ፣ ሽቶ፣ የሲጋራ ጭስ፣ ሽታ ያለው ሻማ፣ እነዚህም ካለችበት ክፍል ይራቁ። «የኔዋ ስንት ዓመት ኩሽና ኖረች» ለሚል መልሴ፣ መጥበሻው የሚረሳው አንድ ቀን ነው።

የመጨረሻውና የከበደኝ የበሽታው ነገር ነው። ባጂን አድኖ የሚበላት አውሬ ብዙ ነው፣ መንጋ ውስጥ መጀመሪያ የምትያዘው የታመመች የምትመስለው ናት፣ ስለዚ መታመሟን እስከ መጨረሻ ትደብቃለች። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ኬጁ ወለል ላይ ቁጭ ያለች ወፍ በሽታው ዛሬ የጀመራት አይደለችም፣ ዛሬ መደበቅ ያቃታት ናት። ጸሐፊው «ጥቂት ቀን ተዋት» የሚላት እዛ ደረጃ ላይ ነው። ስትተነፍስ ጅራቷ ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ከሆነ፣ ኩሷ ከወትሮው ከተቀየረ፣ መብላቷን ከቀነሰች፣ ወይ የምትበላ መስላ ገለባ ብቻ የምታገላብጥ ከሆነ፣ በዛው ቀን ነው መሄድ። መንቁሯ ዙሪያ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ደሞ ተባይ ነው፣ በቀላሉ ይድናል፣ በቤት ቅባት አትለቅልቋት። የወንዱ ሰማያዊ አፍንጫ ቡናማ እየሆነ ከመጣ የዘር ፍሬው ላይ እጢ ሊኖር ይችላል። እና የኛም ጤና አለ፣ ሲታኮሲስ የሚባለው በሽታ ከደረቀ ኩስ በሚነሳ አቧራ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ በአንቲባዮቲክ ይታከማል፣ ግን ኬጅ ሲጸዳ ደረቁን ከመጥረግ እርጥብ አድርጎ መጥረግ ነው፣ ሳል ይዟችሁ ሐኪም ጋ ከሄዳችሁም ወፍ አለኝ ብላችሁ ንገሩ።

ኩኩ ላባውን ነፍቶ ያየሁት ሐሙስ ማታ ነው። በርዶት ነው ብዬ ጨርቅ ደረብኩለት፣ ልክ ጸሐፊው እንደሚለው። አርብም እንደዛው ነበር፣ ሳህኑ አጠገብ ስለነበር ደሞ «ይበላል» አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ስይዘው ያ ድቡልቡል ያለው ነገር ሁሉ ላባ ነው፣ ጣቴ ደረቱ ላይ ሲያርፍ መሀል ላይ ያለው አጥንት እንደ ቢላ ስለት ቆሟል፣ በሁለቱም ጎን ሥጋ የለም። ሐኪሙ ጋ 26 ግራም መዘነ። መነሻው ስንት እንደነበር ስጠየቅ አላውቅም አልኩ፣ መዝኜው አላውቅማ። ከሰዓት በኋላ ሞተ።

አሁን ያሉኝን ሁለቱን በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሳይበሉ ነው የምመዝናቸው፣ አንድ ግራም የሚለይ የኩሽና ሚዛን ላይ ትንሽ እንጨት አስቀምጬ። 36 ግራም ለሆነች ወፍ አስር ፐርሰንት ማለት አራት ግራም እንኳን አይሞላም፣ ያን በዓይን ማየት አይቻልም፣ ላባው ይሸፍነዋል፣ ሚዛኑ ግን ከዓይናችሁ ቀናት ቀድሞ ይነግራችኋል። «ምንም አልሆኑም» ለማለት ዓይን የማይበቃውም ለዚህ ነው።

እስቲ ወደዛችው ልመለስ። አስር ዓመት፣ አራተኛዋ ወፍ። አካፍሉት፣ ለእያንዳንዷ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይደርሳታል። ከዛ እድሜዋ ሁለት ሦስት ዓመት ነው ይላል! ከየት አመጣው? ከራሱ ኬጅ። ባጂ በደህና ከተያዘች ከአምስት እስከ አስር ዓመት ትኖራለች፣ ከዛም የሚያልፉ አሉ፣ ለንደን ውስጥ በ1948 ተወልዶ በ1977 የሞተ ቻርሊ የሚባል ባጂ 29 ዓመት ኖሮ ነው ሪከርድ የያዘው። እሱ ጉድ ነው፣ ማንም ይሄን አይጠብቅም። ግን የአያያዙ ውጤት የሆነውን አጭር እድሜ የወፏ ተፈጥሮ አድርጎ፣ በዛው እድሜ መልሶ አያያዙን ትክክል ማድረግ ክብ ውስጥ መዞር ነው። ሦስቱ ምን ሆነው ነው አራተኛዋ የመጣችው?

ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ በቮይስ ነግሬያት «እና ልግዛ አልግዛ?» አለችኝ። መጀመሪያ ሚዛን ግዢ አልኳት። ጸሐፊው ደሞ ይሄን ካነበበ፣ በቁጣ ሳይሆን በእውነት ማወቅ ፈልጌ ነው፣ አራተኛዋ ዛሬ ስንት ግራም ናት?